የቆሰበር ዛፍ ከከሰል ሌላ ገዢ ያገኝ ይሆን?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቡሬን አልፎ የአዊን ደጋ ሲይዝ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በእኩል ቁመት የተሰለፈ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ያያል። ላላወቀው ሰው ደን ይመስለዋል። ለአካባቢው ገበሬ ግን ዛፉ እንደ ጤፍና እንደ ገብስ ተዘርቶ የሚታጨድ ሰብል ነው። ዲከረንስ የሚባለው ይህ የግራር ዘር በተለይ በፋግታ ለኮማና በባንጃ ወረዳዎች ያለውን ኑሮ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ለውጦታል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጎን ጤፍ ይዘራል፤ ከዚያ ሣሩን ለከብቱ ያጭዳል፤ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሞላው ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል። ከዚያም ማሳውን አርሶ እንደገና ይጀምራል።

ከሰሉ በጆንያ እየታሰረ ከመንገድ ዳር ይደረደርና በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል። ዛፉ አሲድ የበዛበትን የአዊን አፈር ታግሶ ከማደጉም በላይ በሥሩ ናይትሮጅን ይሰጠዋል። ስለዚህ የገበሬውን ኪስና መሬቱን በአንድ ጊዜ የጠቀመ ሀብት ተብሎ ብዙ ተመስግኗል። ለአክሳዩ፣ ለጆንያ ሰፊው፣ ለጫኝና አውራጁ፣ ለደላላውና ለመኪና ባለቤቱም እንጀራ ሆኗል።

ይሁን እንጂ አንድ ምርት፣ አንድ ዛፍና አንድ ዓይነት ገዢ ብቻ ያለው ገበያ አደጋ አያጣውም። አደጋውም መጣ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ኡሮሚክላዲየም በሚባል ፈንገስ የሚመጣ የዋግ በሽታ በአዊ የዲከረንስ ተክል ላይ ተዛምቶ ብዙ ማሳ አጥቅቷል። በሽታው የያዘው ዛፍ ቅርንጫፉ ይጎብጣል፣ ዕድገቱ ይገታል፣ ይደርቃልም። አምስት ዓመት ጠብቆ የልጁን ትምህርት ቤት ወጪና የማዳበሪያ ዕዳውን ሊከፍልበት ያሰበ ገበሬ ያለ ጊዜው ለመቁረጥ ይገደዳል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ አንድ የገበያ ጥያቄ ይነሣል፤ የአዊ እንጨት ከከሰል ሌላ ሁነኛ ገዢ ሊያገኝ አይችልም ወይ?

በኢኮኖሚ ስሌት ሲታይ አንዱ አማራጭ እንጨትንና የእርሻ ተረፈ ምርትን አቃጥሎ መብራትና ሙቀት በአንድነት የሚያመነጭ ጣቢያ ነው። ሐሳቡ ለሰሚው እንግዳ ይመስላል፤ ለኢትዮጵያ ግን እንግዳ አይደለም።

ከወንጂ እስከ ጃዊ

በአገራችን ይህ ዓይነቱ አሠራር የገባው ከስኳር ጋር ነው። የኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የተጨመቀው አገዳ ገለባ ወይም ባጋስ የሚባለው ተረፈ ምርት በቀጥታ ወደ ቦይለሩ ይገባ ነበር። የሸዋ ፋብሪካ በ1955፣ መተሐራ በ1962፣ ፊንጫኣ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ሲከተሉ ያንኑ መንገድ ይዘዋል።

አሠራሩ ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። ባጋሱ ተቃጥሎ ውኃውን ያፈላል፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑም መብራት ያመነጫል። ከተርባይኑ የሚወጣው እንፋሎት ግፊቱ ይቀንስ እንጂ ሙቀቱ ገና አላለቀምና የአገዳውን ጭማቂ ለማፍላትና ለማትነን ይሄዳል። መብራት ብቻ የሚያመነጭ ትንሽ የእንጨት ጣቢያ ከነዳጁ ጉልበት ሩብ ያህሉን እንኳ ለመጠቀም ይቸገራል፤ ቀሪው ሙቀት በማቀዝቀዣ በኩል ወደ አየር ይለቀቃል። ሙቀቱም የሚሸጥ ከሆነ ግን ከነዳጁ ጉልበት ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ሥራ ላይ ሊውል ይችላል። የጉዳዩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ መብራቱን እናት፣ ሙቀቱን የእንጀራ ልጅ ያደረገ ጣቢያ አያተርፍም።

ለአዊ ዞን የቅርቡ ምሳሌ በራሱ ቆላ ውስጥ ይገኛል። ስኳር ኮርፖሬሽን በ2003 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ከተያዙት ትልልቅ ፕሮጀክቶች አንዱ የጃዊ ወረዳው የጣና በለስ ስኳር ልማት ነው። በዕቅዱ መሠረት አንዱ ፋብሪካ በቀን 12 ሺህ ቶን አገዳ ይፈጫል፤ 45 ሜጋ ዋት መብራትም አመንጭቶ ከራሱ የተረፈውን ለብሔራዊው መስመር ይሸጣል። ከ100 ቶን አገዳ ከ28 እስከ 30 ቶን የሚሆን ባጋስ ስለሚገኝ፣ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ እንዲህ ያለ ፋብሪካ በቀን ወደ 3,500 ቶን ነዳጅ ያለ ግዢ ዋጋ ግቢው ውስጥ ያገኛል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ወረቀትና መሬት ተራርቀው ቆዩ። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ለዓመታት ተጓተተ፤ በ2010 ዓ.ም. ውሉ ተቋረጠ። በዓመቱ ቀሪውን ሥራ ካምሲ የተባለው የቻይና ኩባንያ ተረከበና የመጀመሪያው ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ወደ ምርት ገባ። አገዳው ደርሶ ፋብሪካው ባልደረሰባቸው ዓመታት ግን አገዳው ማሳ ላይ እያረጀ ተቀምጧል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገድ እየዘጋና ጭነት እያስተጓጎለ ሌላ ችግር ጨምሯል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ነዳጅና ማቃጠያው በአንድ ቀን ካልተገናኙ አንዱ በሌላው ላይ ይከስራል።

ከጭስ ጋር የሚሄደው

ወደ ደጋው እንመለስ። አንድ ኩንታል በአየር የደረቀ እንጨት ወደ 1,500 ሜጋ ጁል የሚሆን ጉልበት አለው። በአፈር በተሸፈነ ባህላዊ ክምር ሲከሰል ከኩንታሉ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ይወጣል። መካከለኛውን 15 ኪሎ ብንይዝ በከሰሉ ውስጥ የሚቀረው ጉልበት ከመነሻው 30 በመቶ ቢሆን ነው። ቀሪው 70 በመቶ እዚያው ማሳ ላይ ጭስና ሙቀት ሆኖ በኖ ይጠፋል። ይህ ኪሳራ በማንም መዝገብ አይሠፍርም፤ በጆንያው ዋጋ ውስጥ ግን አለ።

ያም ሆኖ ከሰል ገበያውን የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰል ቀላል ነው፤ አይበሰብስም፤ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ አዲስ አበባ ገብቶ የጫነውን ሰው ያተርፋል። እንጨት ይህን አይችልም። እንፋሎትማ ከፋብሪካው ግቢ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ከሰልን በገበያ የሚፎካከር ጣቢያ ካለ፣ ዛፉ ባለበት አካባቢ የሚቆምና ሙቀቱንም እዚያው የሚሸጥ መሆን አለበት።

አሁን ለስሌት ያህል የአንድ ጆንያን ሒሳብ እንመልከት። 30 ኪሎ ከሰል የሚይዝ ጆንያ 2 ኩንታል ደረቅ እንጨት ይፈጃል። ጆንያው ማሳ ላይ 300 ብር ቢያወጣና ከዚያ ላይ 100 ብር ለአክሳዩ ጉልበትና ለጆንያ ቢቀነስ፣ ለባለ ዛፉ 200 ብር ይተርፈዋል እንበል። ይህ ዋጋ ለምሳሌ የተያዘ ነው፤ ገበያው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል አንባቢ በቀኑ ዋጋ ሊተካው ይችላል። ጣቢያው ለነዚያ 2 ኩንታሎች ከ200 ብር በታች ቢያቀርብ ገበሬው ወደ ከሰሉ ይመለሳል፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

ታዲያ ጣቢያው ከ2 ኩንታል ምን ያገኛል? ትንሽ የእንፋሎት ተርባይን 15 በመቶውን ወደ መብራት ቢለውጥ 125 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የእንጨቱ ዋጋ በሙሉ በመብራቱ ላይ ቢጫን ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 1 ብር ከ60 ሣንቲም የነዳጅ ወጪ ብቻ ይደርስበታል። የማሽኑ፣ የባንክ ወለዱና የሠራተኛው ገና አልተቆጠረም።

እዚህ ላይ ጎረቤቱን ማየት ግድ ነው። ከጣና ሐይቅ ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የበለስ ጣቢያ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢሆንም፣ እንጨት ገዝቶ መብራት ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ዝናብ በነፃ ከሚቀበል ግድብ ጋር በዋጋ መፎካከር አይሆንለትም።

ሙቀቱ ሲጨመር ግን ሒሳቡ መልኩን ይለውጣል። ከዚያው 2 ኩንታል እንጨት 60 በመቶው ጠቃሚ እንፋሎት ቢሆን 1,800 ሜጋ ጁል ይገኛል። ይህን ያህል እንፋሎት በጥቁር ናፍጣ ቦይለር ለማግኘት ከ50 ሊትር በላይ ናፍጣ ያስፈልጋል። ጥቁር ናፍጣ የሚመጣው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ ቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የ200 ብሩን እንጨትና የ50 ሊትሩን ናፍጣ ያነጻጸረ ነጋዴ፣ ዋናው ሸቀጥ እንፋሎቱ እንደሆነና መብራቱ ምርቃት መሆኑን ይረዳል።

እንፋሎቱን ማን ይገዛል?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። በአውሮፓ ቀዝቃዛ ከተሞች የእንጨት ጣቢያ ሙቀቱን በቧንቧ ወደ መኖሪያ ቤቶች ይልካል። ቆሰበርም ብርዷ የታወቀ ደጋ ናት፤ ነገር ግን ቤቶቿ የማሞቂያ ቧንቧ የላቸውም፣ ወደፊትም ይኖራቸዋል ተብሎ አይጠበቅም። ስለዚህ ሙቀት ፈላጊው ፋብሪካ ወይም ትልቅ ተቋም ነው።

በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ደንበኛ ሊሆን ይችላል፤ የተማሪዎች ወጥ ቤት፣ ዳቦ መጋገሪያና ልብስ ማጠቢያ በየቀኑ ሙቀት ይፈልጋሉ። ጣውላ ማድረቂያ ሌላው ነው። ባህር ዛፍም ሆነ የአዊ ቀርከሃ በሥርዓት ሳይደርቅ ወደ ገበያ ስለሚወጣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ዋጋውም ያንሳል። የድንች ማቀነባበሪያ ቢቋቋም ሦስተኛው ደንበኛ ይሆናል። ከሁሉም የላቀው የእንፋሎት ፍላጎት ያለው ግን ከቆሰበር ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚርቀው ቡሬ ነው። እዚያ በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል፤ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተቋቁሟል። ዘይት ማጣራት እንፋሎት የሚበላ ሥራ ነው። እንፋሎቱ ወደ ቡሬ አይጓዝም፤ እንጨቱ ግን በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ ጣቢያው የግድ ቆሰበር ላይ መቆም የለበትም፤ ከደንበኛው አጥር ሥር መቆም አለበት።

መጠኑስ? 1 ሜጋ ዋት መብራትና 4 ሜጋ ዋት ሙቀት የሚሰጥ ጣቢያ በዓመት 6 ሺህ ሰዓት ቢሠራ 9,600 ቶን ደረቅ እንጨት ይፈልጋል። በሄክታር በዓመት 10 ቶን ዕድገት ቢታሰብ በድምሩ 960 ሄክታር ተክል ይበቃዋል፤ በየአምስት ዓመቱ ስለሚቆረጥ በየዓመቱ የሚታጨደው 192 ሄክታር ነው። አንድ ገበሬ ሩብ ሄክታር ቢኖረው በዓመት የ768 ገበሬዎች ምርት ማለት ነው። ሥራ ላይ በሚውልበት ቀን 100 ኩንታል የሚጭኑ አራት መኪናዎች በበሩ ይገባሉ። ይህ የከሰሉን ገበያ አያጠፋውም፤ ለገበሬው ግን ሁለተኛ ዋጋ ጠሪ ያመጣለታል። ደላላ ብቻውን በቆመበት ገበያ ሁለተኛ ዋጋ ጠሪ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ቡና የሸጠ ሁሉ ያውቀዋል።

የጎንዮሽ ጥቅምም አለው። «እሳት ካየው ምን ለየው» እንደሚባለው ቦይለር እንጨት አያማርጥም። ለከሰል የማይሆነው ቀጭን ቅርንጫፍ፣ ዋግ የመታው ዛፍ፣ የመሰንጠቂያ ቤት ልጣጭና ሰጋቱራ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የቆላው ሰሊጥ አገዳ ሁሉም ይቃጠላል። በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ የተመሠረተ ጣቢያ በአንድ በሽታ ይወድቃልና ይህን ከመነሻው ማሰብ ብልህነት ነው። የሚቀረው አመድ ደግሞ፣ ከእንጨቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን፣ በዓመት ከ100 እስከ 200 ቶን ይደርሳል። አመድ የአፈርን አሲድ ያረግባል፤ ለዚሁ ሥራ ኖራ በመኪና ለሚያስመጣው የአዊ ገበሬ መልሶ ቢሸጥለት ወይም ቢሰጠው ማሳው ይጠቀማል።

የጎረቤት ልምድ

ሞሪሸስ ለብዙ ዓመታት ከመብራቷ ከፊሉን ከባጋስ ስታገኝ ቆይታለች። ምሥጢሩ የማሽን ብልጫ ብቻ አልነበረም፤ የስኳር ፋብሪካዎቹ መብራቱን ለመሸጥ የረጅም ዘመን ውል ነበራቸው። አገዳ በማይፈጭበት ወራት ደግሞ በዚያው ቦይለር የድንጋይ ከሰል እያነደዱ ማሽኑ ሥራ ፈት እንዳይሆን አድርገዋል።

የኬንያው ሙሚያስ ስኳር ፋብሪካ የተገላቢጦሹን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 35 ሜጋ ዋት ጣቢያ ተክሎ 26ቱን ለአገሪቱ መስመር ለመሸጥ ተዋውሎ ነበር። ዳሩ ግን አገዳ አነሰው፤ ባጋስ ሲጠፋ ተርባይኑ ቆመ፤ ዕዳው ግን አልቆመም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 በባንክ አስተዳዳሪ እጅ ገባ። ችግሩ የጀመረው ከማሽኑ አልነበረም፤ አገዳ አምራቹ ክፍያው ሲዘገይበት ፊቱን ወደ ሌላ ሰብልና ወደ ሌላ ገዢ አዞረ። የአዊም ገበሬ እንዲሁ ያደርጋል። ከሰል ነጋዴ በጥሬ ገንዘብ እየከፈለ፣ ጣቢያው «ከወር በኋላ ና» ካለ፣ እንጨቱ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ነው፤ ጉልበቱም ከደረቁ ግማሽ ገደማ ነው። ጣቢያው በክብደት ብቻ ከገዛ ውኃ ይሸጥለታል። በክረምቱ የአዊ ዝናብ ደግሞ ለማድረቅ አይመችም። ስለዚህ በበጋ ተገዝቶ፣ ተፈልጦ፣ በመጠለያ ሥር የሚከማች የብዙ ወር ነዳጅ መኖር አለበት። ይህም ማለት ለከረመ ክምር የሚከፈል የባንክ ወለድ አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል የበጋው ወራት ግድቦች ውኃቸው የሚቀንስበት፣ አገዳም የሚፈጭበት ጊዜ በመሆኑ፣ ከባጋስና ከእንጨት የሚገኝ መብራት ለብሔራዊው መስመር ያለው ዋጋ ያኔ ከፍ ይላል። ታሪፉ ግን ይህን ልዩነት ካልቆጠረ ለባለ ሀብቱ ትርጉም የለውም።

ሕጉ በሩን አልዘጋም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የመብራት ማመንጨት ፈቃድ የሚሰጥበትን ሥርዓት ደንግጓል፤ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010ም ወጥቷል። ለራሱ የሚያመነጭ ፋብሪካ ደግሞ ስለ ሽያጭ ታሪፍ ብዙም አይጨነቅም፤ መብራት ሲጠፋበት የሚያስነሣውን ጄኔሬተር ናፍጣ ያተርፋል። ስለዚህ አነስተኛው ጣቢያ ሊጀመር የሚችለው በአንድ ፋብሪካ ግቢ፣ ለራሱ እንፋሎትና ለራሱ መብራት ነው። ካዋጣ ይሰፋል። ባያዋጣ እንኳ ቦይለሩ እንፋሎት መስጠቱን ይቀጥላል፤ ተርባይኑ ብቻ ሥራ ይፈታል። የቦይለሩን ወጪ የናፍጣው ቁጠባ ብቻውን ሊመልሰው ይችላል።

የሚጎዳ ሰው የለም ማለት ግን አይደለም። እንጨቱ በፍልጥ ከተሸጠ አክሳዩ ሥራ ያጣል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የራሱ መሬት የሌለው ወጣት ነው። ፍልጥ፣ ማድረቅ፣ መጫንና ክምር መጠበቅ ግን ሰው ይፈልጋሉ። ሥራው ለእነዚሁ ወጣቶች በማኅበር ከተሰጠ ከጭስና ከእሳት ማዳን ይሆናል፤ ለሌላ ከተሰጠ ግን ከአፋቸው ጉርሻ መንጠቅ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ የሚታወቅ ነው። መጀመሪያ እንፋሎት የሚገዛ ደንበኛ በጽሑፍ ይፈርም። ቀጥሎ የገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር ዋጋው ከከሰል ገበያ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ፣ ክፍያውም በሚዛኑ ላይ እያለ የሚፈጸም ውል ይያዝ። ማሽኑ ከሁሉ በኋላ ይታዘዝ። በአገራችን ብዙ ጊዜ ማሽኑ ቀድሞ ይመጣና ነዳጅና ገዢ ፍለጋው ከዚያ ይጀመራል፤ ጃዊ ላይ ያረጀው አገዳም የከፈለው የዚህን ዋጋ ነው። በአዊ ደጋ ዋጉ ገና ማሳውን ጨርሶ አልጣለውም፤ ገበሬውም ቀጣዩን ችግኝ ይተክል አይተክል እያመነታ ነው። የሚያመነታውም ነገ ማን እንደሚገዛው ስለማያውቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህን ነው።